የእንጀራ አክስት

በአማርኛ ሰው ሲርበውም ሲጠማውም የሚገባበት ሁሉ ቤት ነው፤ ምግብ ቤት፣ ቡና ቤት፣ ሻይ ቤት፣ ጠላ ቤት፣ ጠጅ ቤት። ፈረንሳዮች ለዓለም ያዋሱት «ሬስቶራንት» የሚለው ቃል ስለ ቤት የሚያነሣው ነገር የለም፤ ሥረ ትርጉሙ የደከመን አካል መልሶ ማበርታት ነው። ኮሪያኛ በዚህ ነገር ከእኛ ጋር ይቆማል። ቤት በኮሪያኛ «ጂፕ» ነው። «ባፕ» ሩዝም ማዕድም ስለሆነ «ባፕጂፕ» ሲሉ ምግብ ቤት፣ «ሱልጂፕ» ሲሉ ደግሞ መጠጥ ቤት ማለታቸው ነው። ምንም የማይዛመዱ ሁለት ቋንቋዎች ተከፍሎ የሚበላበትን ቦታ ሳይከፈል በሚበላበት ቦታ ስም ጠሩት።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ የመዝገበ ቃላት ጨዋታ ሆኖ በቀረ ነበር። ቤት ካሉ ግን ዘመድ ይከተላል። ኮሪያዊው ተመጋቢ ሳህን ይዛ የምትመላለሰውን ሴት «ኢሞ!» ብሎ ይጠራታል፤ የእናት እኅት ማለት ነው። እኛም በየምግብ ቤቱ «እናቴ»፣ «እትዬ»፣ «እኅት»፣ «ወንድም» እንላለን። ታዲያ ሒሳብ የምንከፍላትን ሴት አክስት ስንላት እየዋሸን ነው? ወይስ ገንዘብ የማይናገረውን አንድ እውነት እየተናገርን? ጥያቄው ከገበታ ጨዋነት ያልፋል። በሰው ቤትና በሰው አገር እየሠሩ «አንቺ እኮ ቤተሰብ ነሽ» የሚባሉ ብዙ የአገራችን ሴቶች አሉ፤ ደመወዛቸውና የዕረፍት ቀናቸው ያለው በዚሁ ጥያቄ መልስ ውስጥ ነው።

በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ከዋሽንግተን ብዙም ሳይርቅ፣ አናንዴል የሚባል አካባቢ አለ። የኮሪያ ዳቦ ቤቶች፣ ፀጉር ቤቶችና ምግብ ቤቶች በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ተደርድረውበታል፤ ጥቂት በመኪና ከተነዳ ደግሞ የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት ይገኛል። እዚያ የማዘወትራት አንዲት ጠባብ ቤት አለች፤ ቀን ምግብ ቤት፣ ሲመሽ መጠጥ ቤት የምትሆን። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ደንበኛ በማይበዛበት ሰዓት ጥግ ይዘው ይቀመጡና የአኩሪ አተር ቡቃያ ይለቅማሉ፤ አቀማመጣቸውን ያየ ሐበሻ ምስር የሚለቅሙ እናት ትዝ ይሉታል።

ሰው ገና ከመቀመጡ ያላዘዘው ነገር ይቀርብለታል። ባንቻን ይሉታል፤ በትንንሽ ሳህን የሚደረደር ማባያ ነው። ኪምቺ፣ በሰሊጥ ዘይት የታሸ ቆስጣ መሰል ቅጠል፣ ቡቃያ፣ በአኩሪ አተር መረቅ የበሰለ ድንች፣ ጣት የማያህሉ የደረቁ ዓሦች። ሲያልቅ ይጨመራል፤ ሒሳቡ ላይ ግን አይጻፍም። ከዚያ ከተብላላ አኩሪ አተር የተሠራው ወጥ በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይመጣል። ሲመሽ ማክጎሊ ይቀርባል፤ ሩዝ ኑሩክ በሚባል የስንዴ እርሾ ተብላልቶ የሚጠመቅ፣ ወተት የመሰለ፣ ጎምዘዝ የሚል መጠጥ ነው። በማንቆርቆሪያ ይመጣል፣ በጣሳ መሰል ሰፊ ጽዋ ይጠጣል። ጠላ የለመደ ሰው ከመጀመሪያው ጉንጭ ጀምሮ አይከብደውም።

በዚህ ገበታ ሰው ለራሱ አይቀዳም። ታናሽ ለታላቅ በሁለት እጁ ይቀዳል፣ ታላቅ ሲሰጠውም በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ሲጠጣ ፊቱን ወደ ጎን መለስ ያደርጋል። የእኛን ሰው ይህን ማስተማር አያስፈልግም። ከሥርዓቱ ውስጥ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ሰው ለራሱ የማይቀዳ ከሆነ፣ ጽዋው ባዶ መሆኑን የሚያይለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። እሱም ዓይኑን ከራሱ ጽዋ አንሥቶ የሌላውን ማየት አለበት። ጉርሻም እንዲሁ ነው፤ ሰው ራሱን አያጎርስም።

ለእንዲህ ያለው ቤት ምግብ ኮሪያውያን የሚሰጡት ምስጋና «ሶንማት» ነው፤ የእጅ ጣዕም ማለት ነው። ሚዛን ያልለካው፣ እጅ ብቻ የሚያውቀው ጨውና ቅመም እንደ ማለት። እኛ ደግሞ ወጥ የጣፈጠላትን ሴት «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» እንላለን። ሁለቱም ምስጋና ወጡን ትቶ ወደ እጁ ይሄዳል። የእኛ ምርቃት ግን አንድ ነገር ይጨምራል፤ ያ እጅ እንደሚደክም፣ እንደሚያረጅ፣ ቁርጥማት እንደሚያገኘው ያውቃል።

አብራኝ የምትማር ኮሪያዊት ጓደኛዬን ለምን የእናት እኅት ሆነች ብዬ ጠየቅኳት። በኮሪያኛ የአባት እኅት ሌላ ስም አላት፣ «ጎሞ» ትባላለች። ጓደኛዬ ሳቀችና «ጎሞ ትቆጣለች፣ ኢሞ ትሸፍናለች» አለችኝ። የእናት እኅት ስትጠራ የሚጠራው እንግዲህ ሥልጣን የሌለበት፣ ሳያስቆጥር የሚያበላ ፍቅር ነው። ችግሩም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው፤ ሳያስቆጥር የሚያበላን ሰው ሒሳብ ማሰብ ይረሳል።

መጀመሪያ ከሳሹን እንስማው። ፈላስፋው ካንት በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መሠረት ላይ በጻፈው መጽሐፉ ዋጋንና ክብርን ይለያል። ዋጋ ያለው ነገር በሌላ ሊተካ ይችላል፤ ክብር ያለው ነገር ተተኪ የለውም። አክስት አትተካም። አስተናጋጅ ግን በሥራ ዓለም ሕግ ትተካለች፤ ዛሬ የነበረችው ነገ ባትመጣ ሌላዋ ሳህኑን ታነሣለች፤ እኛም «ኢሞ» እያልን መብላታችንን እንቀጥላለን። የዘመድ ስም ለማንም ለቆመ ሰው የሚለጠፍ ከሆነ፣ ከሳሹ እንደሚለው፣ የዘመድን ስም ማርከስ ነው፤ የሠራተኛዋንም ሙያ መሸፈን ነው። ይህ ክስ በኮሪያ ውስጥም ተነሥቷል። ከአሥር ዓመት በላይ በፊት አንድ የሴቶች ማኅበር በምግብ ቤት የሚሠሩ ሴቶች «ኢሞ» መባላቸው ቀርቶ የሙያ መጠሪያ እንዲኖራቸው ዘመቻ ጀምሮ ነበር። የቀረበው ስም «ቻሪምሳ» የሚል ነው፤ ማዕድ አሰናጂ ባለሙያ እንደ ማለት። ሐሳቡ ግልጽ ነው። አክስት የምታበላው በፍቅር ነው፤ በፍቅር የሚሠራ ሥራ ደግሞ በሰው ዓይን ርካሽ ነው። ቃሉ ኢሞን ከየምግብ ቤቱ ባያስወጣትም ክሱ እስከ ዛሬ እንደ ቆመ ነው። ሴኡል ውስጥ «የቤት ጣዕም» ከሚያበስሉት ኢሞዎች ብዙዎቹ ከቻይና የመጡ የኮሪያ ዘር ያላቸው ስደተኞች ናቸው፤ አሜሪካ ባሉት ቤቶች ደግሞ ከወጥ ቤቱ መጋረጃ ኋላ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ስፓኒሽ ነው። ቤት ያስመሰለችን ሴት ራሷ ከቤቷ ርቃለች።

ለእኛ ሰው ክሱ ከዚህም ይበረታል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የቤት ሠራተኞች ለብዙ ዘመን ከአጠቃላዩ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ውጭ ነበሩ። ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ፣ ቤት የቤተሰብ ምስጢር ነው፣ ሠራተኛዋም ከቤተሰቡ ተቆጥራለች የሚል ነው። ኩዌት በ2015፣ ኳታር በ2017 ለቤት ሠራተኞች የተለየ ሕግ አውጥተዋል። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2011 ያጸደቀው 189ኛው ስምምነት ዋና ሐሳቡ፣ በሰው ቤት የሚሠራ ሰው እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ሠራተኛ ነው የሚል ነው። ይህን ግልጽ ነገር ለማለት ዓለም አቀፍ ስምምነት ያስፈለገው «ቤተሰብ» የሚለው ቃል ሥራውን ሸፍኖት ስለኖረ ነው። ጣታችንን ወደ ዐረብ አገር ብቻ ቀስረን ግን አንድንም። አዲስ አበባ ውስጥ «እንደ ልጄ ነው የማያት» የምትባለው ልጅ ስንት ሰዓት ትነሣለች? የት ትተኛለች? ከማን ጋር ትበላለች? ልጅ ከሆነች ደመወዝ ምን ያደርግላታል ይባላል፤ ሠራተኛ ከሆነች ደግሞ ከልጆቹ ጋር አትቀመጥም። ከሁለቱም ስም ለእሷ የሚጠቅመው ቀርቶ ለቤቱ የሚጠቅመው ብቻ ይወሰዳል።

ከሳሹ እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። መደምደሚያው ግን አያሳምነኝም። ክሱ የቆመው ዘመድነት በደም ይሰጣል፣ ገበያ ደግሞ ያስመስለዋል በሚል እምነት ላይ ነው። ቋንቋዎቻችን ይህን አያውቁም። በኮሪያኛ ቤተሰብ ከሚባልባቸው ቃላት አንዱ «ሺክጉ» ነው፤ በቀጥታ ሲፈታ የሚበላ አፍ ማለት ነው። ቤተሰብ ማለት ከአንድ ድስት የሚበላ አፍ ሁሉ ነው። በአማርኛ ባልንጀራ እንላለን፤ ባለ እንጀራ፣ እንጀራ የሚጋራ ማለት እንደሆነ ይነገራል። ከዚህም የሚበልጥ አንድ ቃል አለን፤ የእንጀራ እናት። ሌሎች ቋንቋዎች ይህችን ሴት በሌላ መንገድ ይሰይሟታል፤ እኛ ግን ዘመድ ያደረጋትን ነገር ስሟ ውስጥ አስገባነው። ያልወለደችው፣ ያበላችው ናት። እንጀራ ዘመድ ሊያደርግ እንደሚችል አማርኛ በግልጽ መስክሯል።

ያው አማርኛ ግን የእንጀራ እናትን በተረት ሁሉ ክፉ አድርጓታል። ልጁን የምታስርብ፣ ለራሷ ልጅ ቅቤውን ለእሱ አሬራውን የምትሰጥ እሷ ናት። ይህ መራራነት ትርጉም አለው ብዬ አምናለሁ። የደም ዘመድ ቢበድልም ዘመድ ሆኖ ይቀራል። የእንጀራ ዘመድነት በየቀኑ በእንጀራው መታደስ አለበት፤ እንጀራው ከቀረ ስሙ ስድብ ይሆናል። በደም ያልተረጋገጠ ነገር በሥራ ብቻ ይረጋገጣል።

የደም ገበታ ደግሞ ንጹሕ ነው ያለው ማን ነው? የ2024 የኖቤል ሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘችው ሃን ካንግ በ2007 ባወጣችው «አትክልት ተመጋቢዋ» በተባለው ልቦለዷ፣ ሥጋ አልበላም ያለች ሴትን ወላጅ አባቷ በቤተሰብ ግብዣ ላይ በጥፊ ይመታትና ሥጋ በግድ አፏ ውስጥ ይከታል። ትዕይንቱ ላይ ላዩን ሲታይ ጉርሻ ነው፤ የአባት እጅ ወደ ልጅ አፍ ሲሄድ። በዚያ ገበታ ያሉት ሁሉ የሥጋ ዘመዶች ናቸው፤ የሚያዝንላት ሰው ግን አጥታለች። ስለዚህ «እውነተኛው ቤት የደም ቤት ነው፤ ምግብ ቤቱ ቅጂው ነው» የሚለው ነገር አያስኬድም። ሁለቱም ቤት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁለቱም ሊከሽፉ ይችላሉ።

ጥያቄው እንግዲህ ዞሮ እዚህ ይደርሳል፤ በእንጀራ የተሠራ ዘመድነት መቼ እውነት፣ መቼ ሐሰት ይሆናል? መልሱን ፍለጋ ወደ ጥንቱ የኮሪያ መጠጥ ቤት ልሂድ።

በጆሶን ዘመን፣ ከ1392 እስከ 1910 ባለው ጊዜ፣ መንገደኛ የሚያርፍበት ቤት «ጁማክ» ይባል ነበር። የወንዝ መሻገሪያ፣ የተራራ መውጫ፣ የገበያ መንገድ ባለበት ሁሉ ይገኝ ነበር። የምትመራውም ሴት «ጁሞ» ትባላለች፤ ቃል በቃል የመጠጥ እናት ማለት ነው። ለምግቡና ለመጠጡ የከፈለ መንገደኛ መኝታውን በነጻ ያገኝ እንደነበር ይነገራል። እኛ ዘንድ መንገደኛው «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል «ቤት የእግዜር ነው» ተብሎ ይገባ ነበር። ጁማክ በዚህና በዛሬው ሆቴል መካከል ያለ ቤት ነው፤ እህሉ ይሸጣል፣ ጣሪያው አይሸጥም።

የመጠጥ እናት የሚል የክብር ስም የተሰጣት ሴት ግን በማኅበረሰቡ ዘንድ ክብር አልነበራትም። ለዚህም አማርኛ ምስክር ነው፤ ኮማሪት የሚለውን ቃላችንን አስቡት። መጀመሪያ ጠላና ጠጅ የምትሸጥ ሴት ማለት ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ሲጠሩት አንገት የሚያስደፋ ስም ሆነ። ከእጇ የጠጣው ሁሉ ሲወጣ ስሟን አጎደፈው። የበሉበትን ወጪት መስበር ማለት ይኸው ነው።

በሰሜን ግዮንግሳንግ ክፍለ አገር ሦስት ወንዞች በሚገናኙበት ስፍራ፣ በ1900 ገደማ የተሠራች ሳምጋንግ የምትባል ጁማክ እስከ ዛሬ ቆማለች። የመጨረሻዋ ጁሞ እስከ 2005 ኖረዋል። እኒህ ሴት መጻፍ አይችሉም ነበርና ዱቤውን በወጥ ቤታቸው የጭቃ ግድግዳ ላይ እየጫሩ ይመዘግቡት ነበር። አጭር ጭረት አንድ ጽዋ፣ ረጅም ጭረት አንድ ማንቆርቆሪያ ነው፤ ባለዕዳው ሲከፍል በላዩ ላይ አግድም መስመር ይሠመርበታል። ግድግዳው ዛሬም ይታያል። ስም የለበትም፣ ቀን የለበትም። የትኛው ጭረት የማን እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸውና ባለዕዳው ብቻ ነበሩ።

«ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» የሚል ማስታወቂያ አዲስ አበባ ውስጥ ያላነበበ የለም። ዱቤ የሚሰጥ ነጋዴ ለማን እንደሚሰጥ ያውቃል፤ ለሚመለስ ሰው። ዱቤ ማለት ግንኙነቱ በዛሬው ሒሳብ እንዳይዘጋ መስማማት ነው። የሒሳብ ደረሰኝ ሰውን ነጻ ያወጣል፤ ከፍለሃል፣ መሄድ ትችላለህ፣ ባትመለስም ማንም አይጠይቅህም ይላል። የጁሞዋ ግድግዳ ግን እስክትመለስ አስብሃለሁ ይላል። ዘመድ ማለት በመካከላችን ያለው ሒሳብ ያልተዘጋ ሰው ነው ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም።

ያልተዘጋ ሒሳብ ወዴት እንደሚያደርስ የኪም ዩጆንግን ያህል የገባው ደራሲ አላውቅም። ከ1908 እስከ 1937 በኖረበት አጭር ዕድሜው ስለ ገጠር ድኾች ጽፏል። በ1933 ባወጣው አጭር ልቦለድ አንዲት ባልቴት ከልጇ ጋር በተራራ ሰፈር ድኻ ጁማክ ይዛ ትኖራለች። አንድ ማታ ልብሷ የነተበ ወጣት ሴት መጥታ አሳድሩኝ ትላለች። ባልቴቷ ታስገባታለች። ወጣቷ መኖሯ ሲሰማ ጠጪው ይበዛል፣ ገቢውም ይጨምራል። ባልቴቷም ትወዳታለች፤ ከልጇ ጋር ትድራታለች። ከጥቂት ቀን በኋላ ሙሽራዋ የባሏን ልብስ ይዛ በሌሊት ትጠፋለች። በፈረሰ የውኃ ወፍጮ ቤት ውስጥ የታመመ ባል ነበራት፤ ልብሱን አልብሳው አብረው ይሸሻሉ። ባልቴቷ የሰጠቻት የብር የፀጉር ጌጥ ግን ትራሷ ሥር ተቀምጦ ይገኛል።

ማን ማንን አታለለ? ባልቴቷ ልጄ ብላ ጠርታታለች፤ በልጅነቷም ጠላ መሸጫ አድርጋታለች። ወጣቷ እናቴ ብላ ተጠግታለች፤ በዚያም ልብስ ሰርቃለች። ሁለቱም የዘመድ ስም ይዘው ተጠቃቅመዋል። ያ የብር ጌጥ ግን ልቦለዱን ከማታለል ታሪክ ያድነዋል። ከልብሱ ይልቅ የሚሸጠውና የሚያወጣው ጌጡ ነበር። ወጣቷ ለታመመ ሰው የግድ የሚያስፈልገውን ወስዳ የዘመድነቱን ምልክት ለባለቤቱ መለሰች። እናቴ ስትል የነበረችው ቃል ሙሉ በሙሉ ሐሰት እንዳልነበረ የምናውቀው አስከፍሏት በተወችው ነገር ነው።

ከዚህ አንድ መለኪያ ማውጣት ይቻላል። የዘመድ ስም እውነት የሚሆነው በጠሪው ላይ ዕዳ ሲጨምር ነው፤ ሐሰት የሚሆነው በተጠሪው ላይ ዕዳ ሲጨምር ነው። አሠሪዋ «ልጄ ነሽ» ብላ እሑድ ስታሠራት፣ ስሙን የሰጠችው አሠሪዋ ናት፣ የከፈለችው ልጅቱ ናት፤ ሐሰት ነው። ጎረቤት «ልጄ ነሽ» ብላ የታመመችን ልጅ ሐኪም ቤት ስትወስድ፣ የሰጠችውም የከፈለችውም እሷው ናት፤ እውነት ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ሒሳቡ በማን በኩል እንደተጻፈ ነው።

መለኪያውን በምግብ ቤቱ ገበታ ላይ እንሞክረው። ገበያ ውስጥ ሻጭ ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ በእፍኝ የምትጨምረው ነገር ምርቃት ይባላል፤ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ የሚሰጠውም ምርቃት ነው። ከልክ በላይ የተሰጠ እህልና ቃል በአማርኛ አንድ ስም አላቸው። ኮሪያውያን ለጭማሪው «ዶም» ይላሉ፤ በምግብ ቤት ደግሞ ባለቤቷ ሳይጠየቁ የሚያመጡትን ሳህን «ሶቢስ» ይሉታል። ቃሉ ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ነው፤ በእንግሊዝኛ የሚከፈልበት አገልግሎት የነበረው ቃል በኮሪያኛ ነጻ ስጦታ ሆኖ ዐረፈ። የሚጠራጠር ሰው፣ የባንቻኑ ዋጋ በወጡ ዋጋ ውስጥ ተሰልቷል ይላል። ልክ ነው፣ ተሰልቷል። ዛሬ ማታ ለየትኛው ገበታ ሁለተኛ ሳህን እንደሚሄድ ግን አልተሰላም። ብቻውን የመጣውን፣ ፊቱ የጠቆረውን፣ ፈተና ላይ ያለውን ተማሪ አይቶ የሚጨምረው እጅ ነው። የምግብ ቤት ባለቤት ነጋዴ ናት፤ በዚያች እፍኝ ግን ከነጋዴነት ትንሽ ታልፋለች።

ተመጋቢውስ? «ኢሞ፣ ኪምቺ ጨምሪልን» ብሎ አስጨምሮ ሳህኑን ሳይነካ የሚሄድ ሰው አክስት ብሎ የጠራት ምርቃቱን ለመዝረፍ ነው። ብዙ የኮሪያ ምግብ ቤቶች ዛሬ በየጠረጴዛው ላይ መጥሪያ ደወል አላቸው፤ የሚጫነው ቁልፍ ማንንም አክስት አይልም። እኛም ድሮ አስተናጋጅ በጭብጨባ እንጠራ ነበር። ከአፉ «ኢሞ» አውጥቶ በልቡ ከሚያጨበጭብ ሰው ደወሉ ይሻላል፤ ቢያንስ ደወል ያለውን ነው የሚናገረው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ጉርሻ ለሚያገኝ ሠራተኛ አሠሪው የሚከፍለው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከ1991 ጀምሮ 2.13 ዶላር ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን አብዛኛውን የሚሞላው የተመጋቢው እጅ ነው። ኢሞ ብሎ ጠርቶ ጉርሻ የሚነፍግ ሰው ስሙን ሰጥቶ ዕዳውን ለእሷ ትቶላት ይወጣል። አማርኛ ለአስተናጋጅ የሚተወውን ገንዘብም ጉርሻ ማለቱ ያለ ነገር አይመስለኝም፤ ለበላንበት እጅ መልሰን የምናጎርሰው ነው።

ይህ መለኪያ እኛንም ራሳችንን ይይዘናል። ኪም ዩጆንግ የተወለደባት ቹንቾን ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለችም። ከ1951 ጀምሮ በኮሪያ የተዋጉት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች መታሰቢያ የቆመው እዚያ ነው፤ ከ120 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን በዚያ አገር ሰጥተዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1968 ለመታሰቢያው ምረቃ ሄደው ነበር፤ በዚያው ዓመት ከመታሰቢያው አጠገብ የተከፈተው ቡና ቤትም «ኢትዮጵያ ቤት» ተባለ። ቤት የሚለው የእኛው ቃል፣ እንዳለ፣ በኮሪያ ፊደል። ወታደሮቹ ዶንግዱቾን በምትባል ከተማ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን የሚያሳድግ ቤት እንዳቋቋሙም ይነገራል። ከራሳቸው ስንቅ ቀንሰው ያላወለዷቸውን ልጆች ካበሉ፣ የእንጀራ አባት የሚለው ስም በታሪካችን ከዚህ የበለጠ የሚያምርበት ቦታ የለም።

የውጭ አገር ሐበሻ በኮሪያ ምግብ ቤት ሲቀመጥ ይህን ታሪክ ለማንሣት ይቸኩላል፤ ደሜ እናንተ ዘንድ ፈሷል የሚል ኩራት አለን። ኩራቱ ተገቢ ነው። በአያቶቻችን መሥዋዕትነት ስም ነጻ ማንቆርቆሪያ የሚጠብቅ ሰው ግን ወታደሮቹ በራሳቸው ላይ የጻፉትን ዕዳ በሌላ ሰው ላይ ገልብጦ ይጽፋል። ያች ቡቃያ የሚለቅሙት ሴት ለእኔ ምንም ዕዳ የለባቸውም። እሳቸው ሳይጠየቁ ቢያነሡት ግን፣ ያኔ ስጦታ ነው፤ በሁለት እጅ ይቀበሉታል።

እንግዲህ ሒሳብ የምንከፍላትን ሴት አክስት ማለት ውሸት ነው ወይ ብዬ ጀምሬ ነበር። ውሸት አይደለም፤ ግን ገና እውነት አልሆነም። ቃሉ ቃል ኪዳን ነው፣ ቃል ኪዳን ደግሞ የሚፈተሸው ከተናገሩት በኋላ ነው። አክስቴ ያለ ሰው የሚበላውን ያህል ያዛል፣ ሳህኖቹን ሰብሰብ አድርጎ ይሄዳል፣ ባለቤቷ ሲታመሙ የት ናቸው ብሎ ይጠይቃል፣ ከመጋረጃው ኋላ የሚያበስለውንም ሰው ያመሰግናል፣ ኪራይ ጨምሮ ቤቱ ሊዘጋ ሲል የጠገበባትን ቤት አይረሳም። በራሳችን ምግብ ቤቶችም እንዲሁ ነው። እናቴ ብለን የጠራናት ሴት ለሊት ድረስ እንጀራ ስትጋግር ቁርጥማት ይዟት እንደሆነ ጠይቀን እናውቃለን? እጅሽን ቁርጥማት አይንካው ማለት ጥሩ ምርቃት ነው። እጇን አይቶ ከባዱን ምጣድ ማንሣት ግን የዘመድ ሥራ ነው።